አይሰማም

ላለፉት ሁለት ዓመታት የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ከሚሠሩ ልጆች አንዱ ነኝ። ከውጭ ሲታይ የሚያጓጓ ሥራ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን አብዛኛው ሄድፎን አጥልቆ የሰው ድምፅ መስማትና የሰሙትን መተየብ ነው። ከየአካባቢው በስልክ የተቀዱ አጫጭር ንግግሮች ይመጡልናል፣ እኛ እንጽፋቸዋለን፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ይማራል። ከጽሑፍ ሳጥኑ ሥር አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። "አይሰማም" ትላለች። እሷ ከተነካች ያ ድምፅ ከነባለቤቱ ቅርጫት ይገባና ቀጣዩ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ ነክቻታለሁ። ከዚህ በታች የምወቅሳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የኔም ስም እንዳለበት ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አንድ ቀን ሄድፎኔ ተበላሽቶ በስፒከር እየሰማሁ ነበር። አንድ ሰውዬ ይናገራል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው እንደሆነ ያስታውቃል። መለስኩት፣ ደግሜ መለስኩት፣ ምንም። ጣቴን ወደ ቀይዋ ቁልፍ ስሰድ ቡና የሚያፈሉልን እናት ከኋላዬ በሳቅ ፈነዱ።

"ምን ሆኑ እማማ?"

"እሱ ነዋ! ስልኬ ከሚስቴ ብሶ ይጨቀጭቀኛል ይላል እኮ።"

እንደገና አጫወትኩት። እውነትም! "ስልኬ ከሚስቴ ብሶ ይጨቀጭቀኛል።" እያንዳንዷ ቃል ቁልጭ ብላ መጣች። ከዚያ በኋላማ እንደ ቅድሙ ላለመስማት ብሞክር ራሱ አልቻልኩም። ፋይሉ ያው ነው። ስፒከሩ ያው ነው። ሰውዬው አክሰንቱን አላስተካከለም፣ ሊያስተካክል የሚችልበት መንገድም አልነበረም። የተቀየርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ነው። "አይሰማም"፣ "አይገባም"፣ "ምን እንደሚል እንጃለት" የምንላቸው ነገሮች ስለ ተናጋሪው የተሰጡ ፍርዶች ይመስላሉ። አይደሉም። የሰሚው አንጎል ስለ ራሱ የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ናቸው፤ ምስክሩ ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሌላ ሰው ነው።

ኢንጂነሪንግ ስንማር ድምፅ ማለት የአየር ግፊት መለዋወጥ ነው ተብለናል። ልክ ነው። ችግሩ፣ በዚያ የአየር ግፊት ውስጥ ቃል የሚባል ነገር የለም። ካላመናችሁ ስልካችሁን አውጡና "ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ" ብላችሁ ቅዱ፤ ከዚያ ሞገዱን ስክሪን ላይ እዩት። በቃላቱ መሃል ክፍተት ፈልጉ። አታገኙም። ክፍተት የሚመስል ነገር ካያችሁም አብዛኛውን ጊዜ የቃል ድንበር ሳይሆን "ተ" ወይም "በ" ለማለት አፋችሁ ለቅጽበት የተዘጋበት ቦታ ነው። ነጠላ ድምፅ ቆርጣችሁ ለማውጣት ብትሞክሩ ይብሳል፤ "ቢ" ውስጥ ያለችው "ብ" እና "ቡ" ውስጥ ያለችው "ብ" አንድ አይደሉም፤ "ቡ" ልትሉ ስትሉ ከንፈራችሁ ገና ከመነሻው አሞጥሙጧል። (ፊደላችን ሁለቱን ሳይነጣጥል አንድ ላይ መጻፉ በዚህ በኩል ከላቲኑ ብልጥ ይመስለኛል፤ እሱ ግን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ጆሮ ውስጥ ያለችው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች አካል የምትሠራው ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ለይቶ መላክ ነው። የጆሮ ድርሻ እዚያ ያበቃል። "በ"ን የሚያውቅ ጆሮ የለም። የቀረው ከጆሮ ከፍ ብሎ በጎን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሥራ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤድዋርድ ቻንግና ባልደረቦቹ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል አንጎላቸው ላይ ኤሌክትሮድ የተደረገላቸውን ሰዎች ንግግር እያሰሙ አጥንተው ውጤቱን በ2014 አሳትመዋል። አንዱ ነጥብ "በ"፣ "ደ"፣ "ከ"ን ለመሳሰሉ አፍ ተዘግቶ ድንገት ለሚለቃቸው ድምፆች ይነቃል፤ ሌላው "ሰ"ና "ሸ"ን ለመሳሰሉ ለሚፏጩት ይነቃል። ማለትም አንጎል እንደ ኪቦርድ ፊደል በፊደል አይቀበልም። የድምፁን ጠባይ ይለቃቅምና "ይሄ ምን ሊሆን ይችላል?" ብሎ ይገምታል።

በደንብ ነው የሚገምተው። ጠዋት ታክሲ ተራ ቁሙ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ የሚጮኸው ነገር "ክሲኮክሲኮክሲኮ" ነው። ከላይ የመኪና ጥሩምባ አለ፣ ከጎን ስፒከር የሰቀለ ሱቅ አለ። እናንተ ግን ያለ ጥርጥር "ሜክሲኮ" ሰማችሁ፤ "ሜ" እንደጎደለች እንኳ አላወቃችሁም። በ1970 ሪቻርድ ዋረን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ በቤተ ሙከራ አሳይቷል። ከተቀዳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ድምፅ ቆርጦ አወጣና በቦታዋ ሳል ከተተ። ከ20 አድማጮች 19ኙ ምንም የጎደለ ነገር የለም አሉ። ጎድሏል ያለው አንዱም የጎደለችውን ሳይሆን ሌላ ድምፅ ጠቆመ። ሰዎቹ ያልነበረ ድምፅ ሰምተዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መስማት የምንለው ነገር ግማሹ ከአየሩ ይመጣል፣ ግማሹ ከእኛው ጓዳ። ጓዳችን ውስጥ ያለው ደግሞ እስከ ዛሬ የሰማነው ነው፤ ቤታችን፣ ሰፈራችን፣ ትምህርት ቤታችን፣ ቲቪያችን። እማማ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አልነበራቸውም፤ በዕድሜያቸው እንዲያውም ከኔ ቢከፋ ነው። የተሻለ ጓዳ ነበራቸው። ሕይወታቸውን ሙሉ ገበያ ውስጥ፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ አሥር ቤት ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር አውርተዋል። እኔ በሃያ ምናምን ዓመቴ ያን ሰውዬ የሚመስል ሰው በቅጡ አዳምጬ አላውቅም ነበር። ዲግሪዬ ላይ ይህ አልተጻፈም።

"የአፍ መፍቻ ቋንቋ" እንላለን። አባባሉ ደስ ይላል፣ ግን ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። አፍ ከመፈታቱ በፊት ጆሮ ይዘጋል። በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ካናዳ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የተወለዱ ሕፃናትን ፈተኑ። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉት ሕፃናት እናቶቻቸው የማይለዩዋቸውን ሁለት የሂንዲ "ተ"ዎች ለይተው ይሰማሉ። የካናዳ ነባር ሕዝቦች ከሚናገሩት ከንትላካምፕክስ ቋንቋ የተወሰዱ፣ የኛን "ቀ" የሚቀራረቡ ሁለት ፈንጂ ድምፆችንም ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን አብዛኞቹ አይችሉም። ማንም አልከለከላቸውም፤ የሚሰሙት ቋንቋ ውስጥ ያ ልዩነት ጥቅም ስለሌለው አንጎላቸው ናቀው። በሽታ አይደለም። ቋንቋ መማር ማለት ራሱ በከፊል ይኸው ነው፤ የትኛውን ልዩነት መናቅ እንዳለብህ መማር።

አሜሪካ የተወለደ የአጎቴ ልጅ የዛሬ ስድስት ዓመት ለክረምት መጥቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛው ደህና ነው፣ "ጠ" እና "ተ" ብቻ አንድ ይሆኑበታል። አንድ ቀን ማታ አባቱ በር ላይ መኪና ሲያቆም አየና ወደ ግቢው እየሮጠ "አባቴ መታ! አባቴ መታ!" ብሎ ጮኸ። ጎረቤታችን ደንግጠው ወጡ። "ማንን? ማንን መታ?" መጣ ለማለት ነው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄአለሁ፣ ያስቃል። ችግሩ ሳቁ አላለቀም። ለቀናት ሰው በበሩ በገባ ቁጥር አንዱ ተነስቶ "እገሌ መታ እንዴ?" ይላል፣ ሁሉም ይፈነዳል። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ አማርኛ ማውራት አቆመ። ሲጠሩት በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አያቱ ስልክ ስትደውል የሚያወራት ነገር የለውም። ያን ጊዜ የሳቁት ሰዎች አሁን "የውጭ ልጆች ቋንቋቸውን ናቁ" ብለው ያማርራሉ።

እስቲ እኛ ደግሞ ተራችን ይድረስና እንፈተን። "ዓይን"ን በየትኛው "አ" ነው የምንጽፈው? "በዐይኑ ዐ።" "ሐመር"ስ? "በሐመሩ ሐ።" ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። እነዚህ ቅጽል ስሞች ለምን አስፈለጉ? በግዕዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ውስጥ ግን ድምፆቹ ተቀላቀሉ፣ ፊደሎቹ ብቻ ቀሩ። ጆሯችን ስለማይለያቸው በስማቸው እንጠራቸዋለን። እዚህ ጽሑፍ ላይ "ድምፅ"ን በፀሐዩ ፀ እየጻፍኩ ነው፤ በጸሎቱ ጸ አድርጌ ባነብላችሁ ማንም በጆሮው አይለየውም። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ዛሬም ለይቶ ይናገራል፣ ለይቶ ይሰማል። እሱ ጋ ስንሄድ እኛ ነን "መታ" ባዩ ልጅ።

ኦሮምኛ ላይ ደግሞ እንምጣ። መሬትና ለስላሳ የሚሉት ሁለት ቃላት የሚለዩት በአናባቢ እርዝመት ነው፤ አንዱ አጠር ብሎ፣ ሌላው ሳብ ሳብ ብሎ። ለአማርኛ ጆሮ ሁለቱም "ላፋ" ናቸው። "ዸ" የምትባለዋን፣ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጋ የምትወጣዋን ድምፅ አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ስንቶቻችን እንላታለን? እንዲሁ "ደ" ብለን እናልፋለን። ኦሮምኛ ተናጋሪው ይገባዋል፣ ይታገሠናል፣ ወሬው ይቀጥላል። እሱ አማርኛ ሲናገር ግን ቀልድ ነው።

"ታዲያ ምን ይደረግ? ጆሯችን ከተዘጋ ተዘጋ። አማርኛ እስከተናገሩ ድረስ እነሱ አስተካክለው ይናገሩ።" ይህን ክርክር ሞኝ ከማልላቸው ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ከቢሮ ጓደኞቼም ጭምር። የተደላደለ ክርክር ነው፣ የሚያስኬደው ግን መረጃውን እስክታዩ ብቻ ነው። በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ሰዎች "ፍ" ይሁን "ስ" የማይለይ ድምፅ ያለባቸውን ቃላት እንዲሰሙ ተደረገ። 20 ያህል እንዲህ ያሉ ቃላት ብቻ ሰምተው አንጎላቸው በ"ፍ"ና በ"ስ" መካከል ያለውን ድንበር አዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ክላርክና ጋሬት የስፓኒሽና የቻይንኛ አክሰንት ያለው እንግሊዝኛ ለአድማጮች አሰሙ። መጀመሪያ ላይ አድማጮቹ ዘገዩ። ከዚያ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ምን ያህል ጊዜ ወሰደ? አንድ ደቂቃ ያልሞላ።

አንድ ደቂቃ! እንጀራ እስኪበስል የሚወስደውን ያህል እንኳ አይደለም እኮ። ሰውዬው ሁለተኛ ቋንቋ ለመማር ዓመታት አፍስሷል፤ እኛ የምንጠየቀው አፋችንን ዘግተን አንድ ደቂቃ ማዳመጥ ነው። በዚህ ስምምነት ላይ "ሰነፉ እሱ ነው" ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ሁሉም ነገር ቶሎ ይከፈታል አላልኩም። "ዸ"ን በደቂቃ አትለምዷትም። ጃፓናውያን የእንግሊዝኛውን "ር"ና "ል" እንዲለዩ በ1991 ያሠለጠኑ ሰዎች ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል፤ የሠራላቸው ነገርም አንድን ጥሩ አስተማሪ ደጋግሞ ማሰማት ሳይሆን ብዙ የተለያዩ ሰዎችን ማሰማት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ደቂቃዋን ለምን አንሰጥም ታዲያ? ምክንያቱም ከመስማታችን በፊት ወስነናል። በ1992 ዶናልድ ሩቢን የሚባል ተመራማሪ ለአሜሪካውያን ተማሪዎች አንድ የተቀዳ ትምህርት አሰማ። ድምፁ የአንዲት ተወላጅ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ለግማሾቹ የነጭ ሴት ፎቶ አሳየ፣ ለግማሾቹ የእስያዊት። ያው ቅጂ፣ ያው ድምፅ። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት ትምህርቱን ያነሰ ተረዱ፣ የውጭ አክሰንት እንደሰሙም ተናገሩ። አክሰንቱ ያለው ፎቶው ላይ ነበር።

እኛ አገር ፎቶ አያስፈልግም። ድራማው ይበቃል። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ለምንድን ነው ሁልጊዜ አክሰንት ያላቸው? ሐኪሙስ፣ ዳኛውስ፣ የፍቅር ተዋናዩስ ለምን የላቸውም? እውነተኛ ሆስፒታል ገብታችሁ ብታዳምጡ እኮ እንደዚያ አይደለም። በዚህ ያደገ ጆሮ ያን ድምፅ በሰማ ቁጥር ለመሳቅ ይዘጋጃል፤ ለመላመድ የምታስፈልገው አንዲት ደቂቃ በሳቅ ታልቃለች። የሚገርመው፣ ቁስሉን እናውቀዋለን። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ሃያ ዓመት ኖረው፣ ታክስ ከፍለው፣ ልጅ አስመርቀው፣ ዛሬም መኪና ውስጥ ሆነው ምግብ ሲያዙ ከስፒከሩ "ሶሪ?" ይባላሉ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ያን ቀን ተናደው ይውላሉ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ይመጡና በልጅ "ተ" ይስቃሉ።

አሁን ወደ ቀይዋ ቁልፍ ልመለስ። የኔ ሙያ ይህን ሁሉ ወስዶ ማሽን ውስጥ እየቀበረው ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት የአምስት ትልልቅ ኩባንያዎች የንግግር ፕሮግራሞች ተፈተኑ። የነጮች ንግግር ላይ በአማካይ ከ100 ቃል 19 ያህሉን ሳቱ፣ የጥቁሮች ላይ 35። ማሽኑ ክፉ ሆኖ አይደለም። አንድ ሰፈር ውስጥ ብቻ ያደገ ሕፃን ስለሆነ ነው።

እኛም ያንኑ ሕፃን እያሳደግን ነበር። የቡድናችን አለቃ ተወዳጅ አባባል "ጥሩ ዳታ ንጹሕ ዳታ ነው" የሚል ነው። ንጹሕ ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው ሄድፎን ያጠለቀው ነው፤ ሄድፎን ያጠለቅነው ሁላችንም ደግሞ አዲስ አበባ ያደግን ነን። "አይሰማም" የተባለው ከመማሪያው ወጣ። ከመፈተኛውም ወጣ! እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የማይችላቸውን ጥያቄዎች ከፈተናው ላይ ሰርዞ ዘጠና አምስት ያመጣ ተማሪ ማለት ነው። በየወሩ ውጤታችን ይሻሻላል፣ በየወሩ ይጨበጨብልናል፤ የሰዎቹ ድምፅ ግን አልተሻሻለም፣ ቁጥሩ ውስጥ የለም።

ድምፅ የሚያስፈልገው ማን ነው ደሞ? ከተማ ያለ፣ የተማረ፣ ስማርት ስልክ ያለው ሰው ይተይባል። ለስልኩ በአፉ መናገር የሚያስፈልገው መጻፍ የማይችለው ነው፣ ዓይኑ የደከመው ነው፣ እጁ ሥራ ላይ ያለው ነው። ከጣልናቸው ድምፆች ባለቤቶች መካከል ስንቱ ይህ ሰው ነው? ለማያስፈልጋቸው ሰዎች በደንብ የሚሠራ ነገር እየገነባን ነው።

በእውነት የማይሰማ ቅጂ አለ፣ አልክድም። ንፋስ የበላው፣ ኔትወርክ የቆራረጠው። የድሮው የስልክ መስመር እኮ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ "ሰ" ከ"ፈ" የምትለይበት ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ በስልክ ስም ስንነግር "ሰ፣ የሰላም ሰ" የምንለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን መጣል ተገቢ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ መጣል ነው ነውሩ።

ቁልፏ ላይ ያለውን ቃል አንድ ቀን ትኩር ብዬ ሳየው ነበር። "አይሰማም።" ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ "ገና"ን ስታነቡ በዓሉ ይሁን "ገና አልደረሰም" የሚለው፣ አንጎላችሁ ከዙሪያው አይቶ ይወስንላችኋል፣ መወሰኑንም አይነግራችሁም። ይህቺም ቃል እንደዚያው ናት። "ሰ"ንና "ማ"ን አጥብቃችሁ ስታነቧት ድምፁ አይደመጥም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የተናጋሪው። አላልታችሁ ስታነቧት ደግሞ እሱ አይሰማም፤ ጆሮ የለውም፤ ሄድፎን ያጠለቀው ሰውዬ። ቢሮ ውስጥ ያሉትን ሁሉ በየተራ ጠርቼ አስነበብኳቸው። ሁሉም አጥብቀው ነው ያነበቡት።

ያን ሳምንት ኮዱን ቀየርኩት። ቀይዋ ቁልፍ ሁለት ሆነች፤ አንዷ "ቅጂው ተበላሽቷል"፣ ሌላዋ "አልሰማሁም"። "አልሰማሁም" የተባለው ድምፅ ቅርጫት አይገባም፣ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ከተቻለ ተናጋሪው ባደገበት አካባቢ ወዳደገ ሰው። ከፈተናውም አይወጣም። ብዙ የተለያየ ድምፅ ካልሰማ ማሽኑም እንደኛው ነው። ለእማማም በሰዓት እንዲከፈላቸው ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ለውጡ እስካሁን አልጸደቀም፤ ኮዱን የገመገመው ልጅ የጻፈልኝ አስተያየት "የሁለቱ ልዩነት አልገባኝም" የሚል ነው። ደብዳቤው መልስ አላገኘም።

እስከዚያው ከሰዓት ቡና ሲፈላ ስፒከሩን እከፍታለሁ። ባለፈው ዓርብ ሰባት ቀይ የተባሉ ድምፆች አሰማኋቸው። አራቱን እየቆሉ መለሱልኝ፣ ሁለቱን ሲኒ እያጠቡ። ሰባተኛው ላይ ምድጃውን ትተው ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ፣ ድጋሚ አስከፈቱኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይቺን እኔም አልሰማሁም ልጄ። ያቺ ሁለተኛ ፎቅ የምታጸዳዋ የወላይታ ልጅ ትሰማው ይሆናል፤ ቆይ ልጥራት።"